ወጪ መጋራት የፈረመ ተማሪ ድጋፍ መጠየቅ ይችላል

«የወጪ መጋራት ውል ፈርሜ በችግረኛነት ድጋፍ መጠየቅ እችላለሁ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ ውሉን መፈረምሽ ድጋፍ ከመጠየቅ አይከለክልሽም። ውሉ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የተዘረጋ፣ መንግሥት ለትምህርትሽ፣ ለምግብሽና ለመኝታሽ ከሚያወጣው ላይ ድርሻሽን ተመርቀሽ ገቢ ስታገኚ የምትከፍዪበት ዕዳ ሲሆን፣ አንቺ ኮምቦልቻ ካምፓስ ሆነሽ የቸገረሽ ግን የደብተር፣ የሳሙናና የትራንስፖርት ገንዘብ ነው።

ስለዚህ ወላጆችሽ በሚኖሩበት በደሴው ቀበሌ የችግረኛነት ማስረጃ አጽፈሽ፣ ከማመልከቻ ጋር ለተማሪዎች ዲን ጽሕፈት ቤት አቅርቢ። በማመልከቻው ላይ አባትሽ በምን ሥራ እንደሚተዳደሩና ስንት ልጅ እንደሚያስተምሩ በግልጽ ጻፊ፤ «ችግረኛ ነኝ» ማለት ብቻውን አይበቃም።

አደራ፣ ማስረጃውን ይዘሽ ከመውጣትሽ በፊት እዚያው ቆመሽ አንብቢው። የእኔ ላይ የአያቴ ስም በአንድ ፊደል ተሳስቶ፣ ማኅተሙም ፎቶው ላይ ሳያርፍ ቀርቶ ከኮምቦልቻ ደሴ ሁለት ጊዜ ስመላለስ የማመልከቻው ቀን አልፎብኛል።