ለጠያቂዋ እህታችን፦ ቀጣሪ ከትምህርት ፋይልሽ ምን ያህሉን ማየት አለበት?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀሽ ደብረ ብርሃን ያለ አንድ ፋብሪካ የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም አልፈሻል። አሁን የሰው ሀብት ክፍሉ «የተማርኩበት ዩኒቨርሲቲ ማንኛውንም መረጃዬን ለድርጅቱ እንዲሰጥ ተስማምቻለሁ» የሚል ወረቀት ፈርሚ ብሎሻል። አንቺ ደግሞ ሁለተኛ ዓመት ላይ ታመሽ ዊዝድሮው (የትምህርት ማቋረጫ ፎርም) ሞልተሽ ነበርና የሕመምሽ ነገር እንዳይወጣ ሰግተሻል። ከታች የመለሱልሽ ብዙዎቹ «የምትደብቂው ከሌለ ፈርሚ» ብለዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰው ያጠፋው ነገር ሳይኖር የራሱ ጉዳይ በማያውቀው ሰው እጅ እንዲገባ ላይፈልግ ይችላል፤ ይህም መብቱ ነው።

እዚሁ ሰሜን ሸዋ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር፣ የተማሪዎች ፋይል በሚቀመጥበት ሬከርድ ክፍል ለዓመታት ሠርቻለሁ። ከዚያ ወደ ግል ድርጅት ተዛውሬ ቅጥር ላይ ነው ያለሁት። ስለዚህ የማጣሪያ ደብዳቤ ተቀብዬም ልኬም አውቃለሁ።

መጀመሪያ «ማንኛውንም መረጃ» ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ልንገርሽ። ፈራሚው ብዙ ጊዜ ግሬዱን ብቻ ነው የሚያስበው። ሬከርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ያለው ፋይል ግን መታወቂያ ቁጥርሽ የተጻፈበት ወፍራም አቃፊ ነው። ውስጡ የ12ኛ ክፍል ውጤትሽ ኮፒ፣ ጉርድ ፎቶ፣ የእናትሽ ሙሉ ስም፣ የቀበሌሽና የተጠሪሽ ስልክ ያለበት የመግቢያ ፎርም፣ የወጪ መጋራት ውል፣ የግሬድ ማስተካከያ ወረቀቶች አሉ። የዊዝድሮው ፎርሙ ላይ «ምክንያት» የሚል መስመር አለ፤ ከጀርባው የክሊኒኩ ወረቀት በስቴፕለር ተያይዞ ይቀመጣል። ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት የቀረበ ተማሪ ከሆነም ደብዳቤው እዚያው ነው። እንግዲህ በአንድ ፊርማ ይህ ሁሉ ተፈቀደ ማለት ነው።

አንድ ቀን ከቀጣሪ ድርጅት የመጣ ሰው የአንዲት የመንዝ ልጅ ዲግሪ ትክክለኛነት እንዲረጋገጥለት ደብዳቤ ይዞ መጣ። ባልደረባችን ለመርዳት ብሎ ፋይሉን አውጥቶ እንዳለ መስኮቱ ላይ ዘረጋለት። ሰውየው አንድ በአንድ እየገለጠ የሐኪም ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ቆመ፣ መነጽሩን አስተካክሎ ማንበብ ጀመረ። በዚህ መሃል የክፍሉ ኃላፊ ደረሱና ምንም ሳይሉ አቃፊውን ዘግተው አነሱት። «የጠየቃችሁን ዲግሪው የኛ መሆኑን ነው። እሱን ጽፈን በማኅተም እንሰጣችኋለን፣ ሌላው የልጅቷ ነው» አሉት። ልጅቷ በኋላ እንዳልተቀጠረች ሰማሁ። ምክንያቱ ያ ወረቀት ይሁን አይሁን ማንም ሊነግራት አልቻለም፤ እኔን እስከዛሬ የሚያንገበግበኝም እሱ ነው። እንዲህ ያለ ነገር አንዴ ከታየ በኋላ ማስረጃ አቅርበሽ የምትከራከሪበት መንገድ የለም።

ሕጉን በተመለከተ፣ የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገ መብት ነው። ከዚያ በላይ በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የአዋጁ ዋና ሐሳብ መረጃ የሚሰበሰበው ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያ ዓላማ በሚያስፈልገው ልክ ብቻ ነው የሚል ነው። የጤና መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ያለው ነው። የሰጠሽውን ፈቃድ መልሰሽ እንድታነሺም ይፈቅዳል። አንዱ ወንድማችን የጠቀሰው የአሜሪካው ፌርፓ የተማሪን የትምህርት መረጃ የሚጠብቅ የ1974 እ.ኤ.አ. ሕግ ነው፤ የሚገዛውም ከአሜሪካ መንግሥት የትምህርት በጀት የሚያገኙ ተቋማትን ስለሆነ እዚህ አይሠራልሽም። ግን ከሱ አንድ ጥሩ ነገር መውሰድ ይቻላል። እዚያ ተማሪው የሚፈርመው ስምምነት የትኛው መረጃ፣ ለምን ጉዳይ፣ ለማን እንደሚሰጥ በጽሑፍ መግለጽ አለበት። አንቺም እነዚህን ሦስቱን በእጅሽ ጽፈሽ መፈረም ትችያለሽ፤ የምመክርሽም ይህንኑ ነው።

የቀጣሪውንም ስጋት ማቃለል አይገባም። ፎርጅድ ዲግሪ አገሩን እንዳጥለቀለቀው ሁላችንም እናውቃለን። ገንዘብ የሚይዝ ሒሳብ ሠራተኛ ሲቀጠር ማስረጃው ይጣራ መባሉ ተገቢ ነው። እኔም ሳጣራ ነው የምውለው። ግን ለማጣራት የሚያስፈልገኝ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፦ ስም፣ የትምህርት መስክ፣ መደበኛ ወይም የማታ መሆኑ፣ የምረቃ ዓመት፣ አማካይ ውጤት። ከ2015 ወዲህ ለተመረቁት የመውጫ ፈተናው ውጤትም ይጨመራል። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ሬጅስትራሩ በደብዳቤ ይመልሳል፤ የግል ኮሌጅ ከሆነ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አለ። በዚህ ውስጥ የክሊኒክ ወረቀት የሚገባበት ቦታ የለም።

ስለዚህ ወረቀቱን አልፈርምም ብለሽ አትመልሺ። «ማንኛውንም» የሚለውን ሰርዘሽ እንዲህ ብለሽ ጻፊበት፦ «የዲግሪዬን ትክክለኛነት፣ የተመረቅሁበትን መስክና ዓመት፣ አማካይ ውጤቴን ብቻ ለዚህ ድርጅት ለቅጥር ማጣሪያ እንዲገልጹ ተስማምቻለሁ። የጤና፣ የዲሲፕሊንና የቤተሰብ መረጃን አይጨምርም።» የሰረዝሽበት ቦታ ላይም ፈርሚ፤ ቀን ጻፊ፣ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። ከዚያ ኮፒውን ይዘሽ ራስሽ ሬጅስትራር ሂጂና ፋይልሽ ውስጥ አስገቢው። ደብዳቤ ሲወጣ ወጪ መዝገብ ላይ ቁጥርና ቀን ይዞ ስለሚመዘገብ ምን ብለው እንደመለሱ በኋላ መጠየቅ ትችያለሽ።

ይልቅ የማይመዘገበው ስልኩ ነው። ከተማችን ትንሽ ናት፤ የፋብሪካው ሠራተኛ ከዲፓርትመንቱ መምህር ጋር አብሮ ያደገ ነው፣ ወይም እሁድ አንድ ማኅበር ይጠጣሉ። «ያቺን ልጅ ታውቃታለህ? እንዴት ናት?» ብሎ ይደውላል። መምህሩም በቅንነት «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ አሟት ነበር እንጂ» ይላል። አለቀ። ስለዚህ ለዲፓርትመንት ኃላፊሽ ቀድመሽ ደውለሽ፣ «ስለ እኔ የሚጠይቅን ሁሉ ወደ ሬጅስትራር ላኩልኝ» በያቸው። እንዲህ ብለሽ ብትለምኛቸው የሚቆጡ አይመስለኝም።

አንድ ነገር ግን ልደብቅሽ አልፈልግም። ያቋረጥሽው ሴሚስተር ከትራንስክሪፕትሽ ላይ ሊታይ ይችላል። ቢጠይቁሽ «በጤና ምክንያት አቋርጬ ተመልሼ ጨረስኩ» በቂ መልስ ነው፤ ሕመሙ ምን እንደነበር መናገር አይጠበቅብሽም። ደግሞ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት፣ ማለትም ተቋሙ ራሱ ለቀጣሪ የሚልከው የውጤት ማስረጃ፣ አብዛኛው ቦታ የወጪ መጋራቱ ሳይከፈል አይላክም። ያንን ካልጨረስሽ ስቱደንት ኮፒ (ለተማሪው በእጁ የሚሰጠው የውጤት ማስረጃ) እና ጊዜያዊ ዲግሪ አቅርበሽ በማረጋገጫ ደብዳቤ እንዲያጣሩ ጠይቂ፤ ዕዳውም ከተቀጠርሽ በኋላ ከደመወዝ እየተቆረጠ የሚከፈል ነው።

ወረቀቱን የሰጠሽ ጸሐፊ «ፎርሙ አይነካም» ሊልሽ ይችላል። እሱ የተሰጠውን ነው የሚያስፈርመው፣ አትጣዪው። ኃላፊውን አነጋግሪና በትሕትና «ለማጣሪያ የሚያስፈልጋችሁን ሁሉ ፈቅጃለሁ፤ የጎደለ ካለ ንገሩኝ» በያቸው። አብዛኛው ኃላፊ እዚህ ላይ ይስማማል፤ ምክንያቱም ፎርሙ ከሌላ ድርጅት የተቀዳ እንጂ አስቦበት ያወጣው አይደለም። እምቢ ካሉና ያለፈቃድሽ ፋይልሽ ከወጣ ለሬጅስትራሩ በጽሑፍ አመልክቺ፣ ደብዳቤሽን በገቢ ቁጥር አስመዝግቢ፤ ከዚያ በላይ ካስፈለገ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አለ።

እስከዚያው ከጥያቄሽ ጋር የለጠፍሽውን የፎርሙን ፎቶ ከገጹ ላይ አጥፊው። ሙሉ ስምሽና የተማሪ መታወቂያ ቁጥርሽ ከላይ በኩል በግልጽ ይነበባል።