ሙቀጫው ይሰማ

የአንባቢያን የዜማ ጥያቄዎች፤ መልስ የሚሰጡት ጎንደር ፒያሳ ለዓመታት ካሴት ቤት የነበራቸው አምደኛችን ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ማራኪ ነው የምኖረው። ብሉዝ የሚባለውን የጥቁር አሜሪካውያን ሙዚቃ እወዳለሁ። አባቴ ግን ገና ጊታሩ ሲጀምር «ይኼን ዝጊልኝ» ይሉኛል፤ ከማሲንቆ ሌላ አይጥማቸውም። ጓደኞቼ «ብሉዝ ማለት ትዝታ ነው ብለሽ አስረጂያቸው» ይላሉ። እውነት ነው? አብረን የምንሰማው በቅርብ የወጣ አልበም ካለስ?

መልስ፦ ልጄ፣ እንደዚያ ብለሽ ከአባትሽ ጋር አትጣዪ። «ኢትዮፒክስ» የተባለው የፈረንሳዮች ተከታታይ እትም፣ 10ኛው ቅጽ በ2002 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ትዝታን «የኢትዮጵያ ብሉዝ» ብሎ ለዓለም አስተዋውቋል። ለገበያ ያምራል። ቅኝቱ ግን አንድ አይደለም፣ አገጣጠሙም ይለያል። የብሉዝ ዘፋኝ አንዱን ስንኝ ሁለቴ ይልና በሦስተኛው ይመልሰዋል። የኛ አዝማሪ ሁለት ስንኝ ቤት አስመትቶ ያልፋል፤ ስንኙንም «ተቀበል!» ከሚለው ታዳሚ አፍ ይወስዳል።

የሚመሳሰለው እጁ ነው። አዝማሪው ማሲንቆ ሲመታ ግራ እጁን ይዩ በያቸው፤ አባትሽማ ከኔ ይልቅ ያውቁታል፤ ጣቱ ጭራውን እንጨቱ ላይ አይጫነውም፣ አየር ላይ እንዳለ ነካ ያደርገዋል። ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚንሸራተተው ለዚያ ነው። የብሉዝ ጊታር መቺም ያንኑ መንሸራተት ፈልጎ ነው የጠርሙስ አንገት ጣቱ ላይ አጥልቆ ክሩ ላይ የሚያንሸራትተው።

ስለዚህ ከጊታር አትጀምሪ። ጥቁር አሜሪካውያኑ ሙዚቀኞች ራያነን ጊደንስና ጀስቲን ሮቢንሰን በ2025 ያወጡትን የባንጆና የቫዮሊን አልበም ክፈቺላቸው። ስቱዲዮ አልገቡም። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ደጅ ላይ ተቀምጠው ነው የቀዱት፤ አንዱ ቦታ ሙዚቃውን ያስተማራቸው የሟቹ የጆ ቶምሰን ቤት ነው። ያን ሰሞን 13 ዓመት ከመሬት በታች ኖረው የሚወጡ ባለክንፍ ነፍሳት ዛፉን ሞልተውት ነበርና፣ ዜማው መሃል እንደ ፌንጣ ሲንጫጩ ይሰማሉ። ማንም አላባረራቸውም።

ቀጥሎ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ። ሰው የሚያውቃቸው በፒያኖ ብቻ ነው። በ2023 ኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ በዓመቱ «ሱቬኒር» የተባለው አልበም ወጣ። እዚህ ላይ በአማርኛ ያዜማሉ። ከ1977 እስከ 1985 አዲስ አበባ ሳሉ ቤት ውስጥ በተራ ቴፕ የቀዱት ነው፤ የወንበሩ ሲጥጥታ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያሉት ወፎች ሁሉ አሉበት። አባትሽ «መነኩሲት ደግሞ ፒያኖ!» ካሉ፣ በ1960ዎቹ እዚሁ ጎንደር የቅዱስ ያሬድን ዜማ ያጠኑ፣ የቆሎ ተማሪ ደጅ ሲያድር አይተው አንጀታቸው የተላወሰ ሴት ናቸው በያቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸውን ገቢም ለችግረኛ ልጆች ነው ያዋሉት።

አደራ፣ በስልክሽ አታሰሚያቸው። የሆነ ድምፅ ማጉያ ተዋሺ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ ሱቅ አለኝ። ከአባቴ የወረስኩት 2 ካርቶን ካሴት አለ፤ ሠርግ ላይ የተቀዳ አዝማሪም ይገኝበታል። ልጆቼ «ጣለው» ይላሉ። ወደ ኮምፒውተር ልገልብጠው ብል ደግሞ ጫጫታውን የሚያጠፋ አፕ አለ አሉኝ። ልጠቀምበት?

መልስ፦ ጋሽዬ፣ እንዳትጥል! ሙዚቀኛው ኃይሉ መርጊያ በ1985 አኮርዲዮኑን ይዞ አንድ ካሴት ሠራ፤ ከዚያ ተረሳ። ካሴቷን አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኛት። በ2013 እንደገና ስትታተም ኃይሉ ዋሽንግተን ታክሲ እየነዳ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድረክ ላይ ተመልሶ በ2020 «የኔ ምርጫ»ን አወጣ። ባሕር ዳር ከኛ 180 ኪሎ ሜትር ብትሆን ነው።

መጀመሪያ የካሴቱን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ከላይ ስበራቸው፤ ማንም በስህተት አይቀዳበትም። ሳታጫውተው በፊት ክሩን አንዴ እስከ ጫፍ አጠንጥነህ መልሰው፣ ተጣብቆ ከሆነ ይላቀቃል። የቴፑን ራስ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረግ። ከቴፑ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ ወደ ኮምፒውተሩ በሽቦ አገናኝና በ«ዋቭ» (ድምፁን ሳይጨምቅ በሚይዘው የፋይል ዓይነት) አስቀምጥ፤ ኤምፒ3ውን ኋላ ታወጣዋለህ።

አፑን ተወው። አንድ ክረምት አንድ አዝማሪ ከሱቄ ጓዳ አስቀምጬ ቀዳሁ። እርጥበቱ የማሲንቆውን ቆዳ እያላላበት፣ በየዘፈኑ መሃል ከሰሉ ላይ ያሞቀው ነበር። ባለቤቴ ከግድግዳው ወዲያ ቡና ትወቅጣለች። ዝም እንድትል ግድግዳውን ብቆረቁር፣ አዝማሪው ምን ቢል ጥሩ ነው፦

ዝም በይ ይላታል ሙቀጫ ስትመታ፤
ቡናው ካልተወቀጠ ምን ሊያጠጣኝ ጌታ?

እሷ ስትስቅም ተቀድቷል። እኔ ግን «ለገበያ አይሆንም» ብዬ ስገለብጠው ያን ክፍል አወጣሁት፣ በዋናው ክር ላይ ደግሞ ሌላ ቀዳሁበት። ካሴቱ ዛሬም አለኝ። ጥርት ያለ ማሲንቆ ነው፤ ሙቀጫ የለበት፣ ሳቅ የለበት።