አደጋ ሳይ ልቁም ወይስ ልለፍ? ላልከው

ወንድሜ፣ አዘዞ መንገድ ላይ የተገለበጠ ባጃጅ አይተህ ስላለፍክ ጸጽቶህ ነው የጠየቅከው። እኔ ቁም ነው የምልህ። መኪናህን አለፍ አድርገህ ጥግ አስይዝ፤ ከኋላ ለሚመጣው መንገዱ ላይ ቅጠል ጣል።

የእኛ ሰው ደግ ነው፣ ግን ተጎጂውን አንጠልጥሎ ባጃጅ ውስጥ ይከተዋል። ይሄ በጣም ያስፈራኛል። አንገቱ ወይም ጀርባው ተጎድቶ ከሆነ ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ መኪና ካላሰጋው «አታንቀሳቅሱት» በል። የሚደማውን በንጹህ ነጠላ ጫን ብለህ ያዝ። ቢለምንህም ውሃ አታጠጣው።

«ፖሊስ እኔኑ ቢይዘኝስ?» ያልከው ይገባኛል፤ ብዙ ሰው የሚሸሸው ለዚህ ነው። መቆም ካቃተህ እንኳ ለቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ደውል። ቦታውን ስትነግራቸው ቅርብ ያለውን ቤተ ክርስቲያን ወይም ትምህርት ቤት ጥራላቸው።