ፒፓው ለኔ ቫኒላ፣ ለሱ ፍል ውሃ

ጥያቄ፦ ሰላም ለናንተ፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። ባለቤቴ ሲጋራ ትቶ ፒፓ ከያዘ ሁለት አመት ሊሞላው ነው። መጀመሪያ ያመጣው ትምባሆ ቫኒላ ቫኒላ ስለሚል እኔም ብዙ አልከፋኝም፣ እንግዳ ሲመጣ እንኳን ምን ጋግረሽ ነው ይለኝ ነበር። እሱ ግን ፍል ውሃ ነው ጣዕም የለውም፣ ምላሴን ላጠኝ ብሎ ተወውና አሁን ላታኪያ የሚባል ጥቁር ነገር አመጣ፣ የተቃጠለ ጎማ በሉት! ጭራሽ "ያኛው ኬሚካል ነው ይሄ ንፁህ ነው" ይለኛል። እውነቱን ነው?
ሰ. ነኝ

መልስ፦ እህቴ ስለ ሽታው ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ቡና ሲቆላ ሰፈሩን የሚጠራው ሽታ ስኒው ውስጥ ስትፈልጊው የለም አይደል? አንቺ ጋ የሚደርሰው ቤቱ ውስጥ ተበትኖ የሳሳው ጭስ ነው፣ እሱ ግን ትኩሱን አፉ ውስጥ ይዞት ሽታው በጉሮሮው ዞሮ ነው አፍንጫው የሚደርሰው። ደግሞ አፍንጫ ይለምዳል፣ እዛው ጭሱ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ቫኒላው ይጠፋዋል፣ አንቺን ግን ከውጪ ስትገቢ በር ላይ ይቀበልሻል።

"ኬሚካል ነው" ያለሽ ነገር ግማሽ እውነት አለው። ጣፋጭ የሚሸቱት ትምባሆዎች ሁለት ጊዜ ነው የሚቀመሙት፣ መጀመሪያ ቅጠሉ ስኳር፣ ሊኮሪስ የሚባል ጣፋጭ ስር ወይ ኮኮዋ ያለበት ነገር ይጠጣል (በተለይ በርሊ የሚባለው የትምባሆ አይነት፣ የራሱ ስኳር እምብዛም ስለሌለው እንደ ስፖንጅ ነው)፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ቫኒላ፣ ቼሪ፣ ሩም ምናምን ይረጭበታል። ብዙዎቹ ላይ እንዳይደርቅ ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል እርጥበት የሚይዝ ፈሳሽ ይጨመራል፣ እርጥብ ትምባሆ ደግሞ ቶሎ ቶሎ ይጠፋል፣ እሱም እንዳይጠፋበት ደጋግሞ ሲስብ እንፋሎቱ ምላሱን ይልጠዋል። እኔ የምጠረጥረው ቫኒላውን ሳይሆን ውሃውንና ጥድፊያውን ነው።

ግን "ንፁህ ነው" ላይ ባልሽን አልደግፍም። ላታኪያ ስሙ የሶሪያ ወደብ ነው፣ አሁን በብዛት የሚመጣው ከቆጵሮስ ነው፣ ጥቁር የሆነውም ቅጠሉ ተሰቅሎ ከስሩ እንጨት እየተጨሰበት ነው። ጭስ ተጨምሮበታል እኮ! ቅሉ በወይራ የታጠነ ወተት አስቢ፣ በሱ ያደገ ሰው ያለ ጭሱ ወተት አይመስለውም፣ ያልለመደው ደግሞ አንዴ ቀምሶ አረረ እንዴ ይላል። የናንተም ጠብ ይቺው ናት።

በነገራችን ላይ አውሮፓ ህብረት ውስጥ ጣዕም ያለው ሲጋራ ተከልክሏል፣ ሜንቶል ራሱ በ2020 እ.ኤ.አ. ቆሟል፣ የፒፓ ትምባሆ ግን ከዚህ ክልከላ ውጪ ስለቀረ ነው ቫኒላው ሱቅ ውስጥ ያለው። እኛ ሀገር አዋጅ 1112/2011 ጣዕም የተጨመረበትን ትምባሆ ስለከለከለ ለዘመድ ስጦታ ብሎ እንዳይጭነው።

ደግሞ ኬክ ኬክ ስለሸተተ አትታለዪ፣ ቫኒላውም ጎማውም ለአፍና ለጉሮሮ ካንሰር ያጋልጣል፣ ጭሱ ለአንቺም ይተርፋል። ስለዚህ የትኛውንም ይምረጥ በረንዳ ላይ ያጭስ፣ ከበረደው ካፖርት አለ።