መልስ፦ አከራዬ ለፋሲካ ጠሩኝ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ሳላስቀይም ሥጋውን እንዴት ልለፍ?

ሂጂ፤ ግን ሥጋ እንደማትበዪ ዛሬውኑ ንገሪያቸው። የሚያስቀይመው እሑድ ጠዋት ዶሮው መሶብ ላይ ቀርቦ፣ እትዬ እንቁላሉን መርጠው ሊያጎርሱሽ እጃቸውን ከዘረጉ በኋላ «አልበላም» ማለት ነው። «እትዬ፣ እኔ የሙስሊም ሥጋ ነው የምበላው፤ ዳቦውና ቡናው ግን አይቀርብኝም» በያቸው። ከዚህ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም፤ እሳቸውም ለአረፋ ያረድሽውን በግ አይቀምሱልሽም።

«ታዲያ ላንቺ ዶሮ ልግዛልሽ» ካሉ እምቢ አትበዪ። ከነነፍሷ ይስጡሽ፣ ሙስሊም ይረድልሽ፣ በራስሽ ድስት ሥሪያት። ወሎ ላይ እኮ ለአንድ ድግስ ሁለት አራጅና ሁለት ድስት ማዘጋጀት የቆየ ልማድ ነው። «ሽሮ ይሥሩልኝ» ብቻ እንዳትያቸው! 55 ቀን ሽሮ ሲበሉ ከርመው በሚፈስኩበት ቀን የጾም ወጥ ማማሰል ለማንም ደስ አይልም።

ባዶ እጅሽን አትግቢ፤ አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ፦ ቀሪቦ፣ ጠላ ለማይጠጣ ሰው የሚቀርበው የገብስ መጠጥ። ጠላ እንደማልጠጣ የሚያውቁ ጎረቤታችን አንድ ፋሲካ በትልቅ ብርጭቆ ቀድተው ሰጡኝ። ግማሽ ካደረስኩት በኋላ ነው ምላሴን ቆጥቆጥ ያደረገኝ፤ ለካ የተጠነሰሰው ሐሙስ ኖሯል። ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም፣ ቀሪቦ ግን ሲቆይ ይፈላል። መቼ እንደተጠነሰሰ ጠይቂ፤ ከቆየ ለስላሳ ይሻልሻል።