ኪችንሽን ያስረጀው እንፋሎቱ ነው

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት፣ እህቴ። የገዛችሁት ኮንዶሚኒየም ባለ አንድ መኝታ ነው። ኪችኑ ሁለት በሁለት እንኳን አይሞላም። ቀለሙ ቢጫ ሆኗል፣ ከምጣዱ በላይ ያለው ጣሪያ ጠቁሯል፣ ከላቫንዲኖው ስር ያለው የቺፕውድ ካቢኔ አብጦ እየተፈረካከሰ ነው። በእጃችሁ ያለው 50 ሺህ ብር ነው። ባለቤትሽ «ስቲከር ለጥፈንበት እንገላገል» ይላል። አንቺ ደግሞ ሁሉንም አፍርሰሽ አዲስ ካቢኔ ማስገባት ነው ያማረሽ። «ማናችን ነን ልክ?» ነው ያልሽው።

ቅር እንዳይልሽ፣ ሁለታችሁም አይደላችሁም። ይህን የምልሽ ብልጥ ሆኜ ሳይሆን መጀመሪያ ራሴ ከስሬ ስለተማርኩ ነው። ጀሞ ያለው ቤቴ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ኪችኑም ከነጥቁር ጣሪያው ያንቺ መንትያ ነበር። በ2013 ዓ.ም. ስቲከር ለጠፍኩበት። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 40 ሺህ ብር አጠራቅሜ እንደገና ሠራሁት።

የስቲከሩን ታሪክ ለባለቤትሽ አንብቢለት። እብነ በረድ የሚመስል ነጭ ነበር። ሁለት ወር እንግዳ ሁሉ አደነቀልኝ። ከዚያ ምጣዱ አጠገብ ያለው ጠርዝ ተነሳ። እንጀራ በጋገርኩ ቁጥር ትንሽ ከፍ ይላል፣ በጣቴ እጫነዋለሁ፣ ተመልሶ ይነሳል። ዘይትና አቧራ ከስሩ ገባ። በስድስተኛው ወር ተናድጄ ስነቅለው የግድግዳውን ቀለም ይዞት ወረደ። ከጀርባው ያገኘሁት ጥቁር ሻጋታ ነው። ለካ ግማሽ ዓመት ሙሉ ሸፍኜ ሳሳድገው ኖሬያለሁ!

ነገሩ የገባኝ ያን ቀን ነው። ኪችኑን ያስረጀው ዘመን አይደለም። እንጀራው ሲጋገር፣ ወጡ ሲንተከተክ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ነው። ቀዝቃዛው ኮንክሪት ላይ ሲደርስ መልሶ ውሃ ይሆናል። ቀለም የሚልጠው፣ ሻጋታ የሚያበቅለው፣ ቺፕውድ የሚያሳብጠው እሱ ነው። ቺፕውድ የእንጨት ፍቅፋቂ በማጣበቂያ ተጨፍልቆ የተሠራ ነገር ነው፤ ጠርዙ በደንብ ካልታሸገ ውሃ ይጠጣል። እንፋሎቱን መንገድ ሳታሳዪው 50 ሺህ ብርሽን ካቢኔ ላይ ብታፈሺ፣ ሁለት ክረምት ሳይሞላ እዚሁ ተመልሰሽ ትጠይቂናለሽ።

ስለዚህ ከምጣዱ ጀምሪ። የኔ ምጣድ ከበሩ ጀርባ፣ ጥግ ላይ፣ አሮጌ ጠረጴዛ ላይ ነበር የሚቀመጠው። ወደ መስኮቱ አመጣሁት። ብየዳ ቤት ሄጄ ከቱቦላሬ (ውስጡ ክፍት ከሆነ የብረት ዘንግ) ወገቤ ድረስ የሚደርስ ማስቀመጫ አሠራሁለት፤ እግሮቹ ጎማ አላቸው፣ ሁለቱ ይቆለፋሉ። ከመስኮቱ አንዱን መስታወት አስወጥቼ በቦታው ትንሽ አየር ማውጫ ፋን አስገጠምኩ። እንጀራ ስጋግር ፋኑን ከፍቼ የኪችኑን በር ገርበብ አደርጋለሁ። በቃ። በሦስት ክረምት ጣሪያው ላይ አንዲት ጥቁር ነጥብ አልወጣችም።

ከምጣዱ ጋር የኤሌክትሪኩን ነገር አብረሽ ጨርሺ። የኔ ምጣድ 3,500 ዋት ነው። በ220 ቮልት ስታሰይው ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ ተራ ሶኬት የሚችለው ጣሪያው ያ ነው። እኔ በዚያው መስመር ላይ ስቶቭም እሰካ ነበር። አንድ ቀን ሽታ መጣ። ሽሮ ያረረ መስሎኝ ድስቱን ከፍቼ አየሁ፣ ሽሮው ሰላም ነው። ለካ ሶኬቱ ነው የሚቀልጠው። አሁን ምጣዱ ከብሬከር ሳጥኑ የሚነሳ የራሱ መስመር አለው፣ ውፍረቱ 4 ካሬ ሚሊሜትር በሆነ ሽቦ የተዘረጋ፣ የራሱም ብሬከር ያለው። ይህን ሥራ ለሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ስጪ፣ የጎረቤት ልጅ አይሞክረው። ፎቶ ላይ አይታይም፣ እንግዳም አያደንቀውም። ግን ከበጀቱ መጀመሪያ ለሱ አውጪ።

ቀለም ከመግዛትሽ በፊት ደግሞ አንድ ነጻ ሥራ አለ። ቆራሌው ሲያልፍ ጥሪው። እኔ ክዳን የሌላቸው ድስቶች፣ የተሰነጠቁ ባልዲዎች፣ ሦስት የተቃጠሉ ስቶቮች ነበሩኝ። ያ ሁሉ ሲወጣ ኪችኑ በግማሽ ሜትር የሰፋ መሰለኝ። (የእናቴን ብረት ድስት ግን አልሰጠሁም። ከኔም በላይ ይኖራል።)

አሁን ቀለሙ። እዚህ ላይ ረጅም እሆናለሁ፣ ምክንያቱም ሁለት ጊዜ የከፈልኩት ለዚህ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ቀቢ የድሮውን የዘይት ቀለም ሳይፍቅ በላዩ የውሃ ቀለም ቀባበት። ሲያልቅ አምሮ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት እንደ ተቀቀለ ድንች መላጥ ጀመረ። የሚያብለጨልጭና ቅባት ያለበት ገጽ ላይ ቀለም አይይዝም። ስለዚህ ግድግዳውን በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቢ፣ በተለይ ከስቶቩ በላይ ያለውን። የጠቆረውን ጣሪያ በውሃ በቀጠነ በረኪና ጥረጊ። መስኮት ክፈቺ፣ ጓንት አድርጊ። በረኪናውን ደግሞ ከአቼቶም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር እንዳትደባልቂው፣ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ከዚያ ይድረቅ። ዛሬ ታጥቦ ነገ አይቀባም፤ እኔ አራት ቀን ጠብቄያለሁ። ሲደርቅ የድሮው ቀለም አብረቅራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ይፈቅ፣ ቀዳዳው በስቱኮ ይሞላ። ከዚያ ግድግዳውን በዘይት ቀለም ሁለት እጅ። ቀለም ቀቢው «አንድ እጅ ይበቃል» ይልሻል፤ አይበቃም። ጣሪያውን በነጭ የውሃ ቀለም አስቀቢው።

ቀለሙን ስትመርጪ ሽሮና በርበሬ ያለበት ቤት መሆኑን አትርሺ። እኔ ግድግዳውን ክሬም፣ የታችኛውን ክፍል የጎመን አረንጓዴ አድርጌዋለሁ። ብዙ ሰው ለጠባብ ቤት ነጭ ብቻ ይላል። እኔ አልስማማም። ነጭ ግድግዳ ላይ ወጥ ሲፈናጠቅ ከሳሎን ይታያል።

ካቢኔውን በተመለከተ፦ ከላይ የሚሰቀል እንዳታሠሪ። የኮንዶሚኒየም ግድግዳ አብዛኛው ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት ነው። ብሎኑን እንዲይዝ ግድግዳ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ፣ ፊሸሩ፣ መጀመሪያ የያዘ ይመስላል፣ ሳህኑ ሲደረደርበት ቀስ እያለ ይለቃል። ጎረቤቴ ሌሊት ላይ ከነብርጭቆው ወርዶባታል። እኛ ሌባ ነው ብለን ወጣን። እኔ ያሠራሁት ወለሉ ላይ የሚቆም፣ ግድግዳውን ተደግፎ የሚወጣ ክፍት መደርደሪያ ነው፤ ክብደቱን የሚሸከመው ወለሉ ነው። ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት ቀላል ነገር ብቻ ነው፤ መስቀያ ብረቶቹን መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ በርካሽ አገኘኋቸው። ክፍት መደርደሪያ ዕቃሽን ያጋልጣል ትዪ ይሆናል። ሐረር ሄደሽ የሐረሪዎችን ቤት አይተሽ ከሆነ ግን ግድግዳው ላይ የሚታዩት ሳህኖችና ሰፌዶች ናቸው ጌጡ። እነሱ ጋ ሳሎን ውስጥ ነው እርግጥ። እኔም ቀንቼ ሰፌድ ኪችን ውስጥ ሰቅዬ ነበር፤ ቅባት ጠጥቶ እጅ ላይ የሚጣበቅ ሆነ፣ ወደ ሳሎን አዛወርኩት።

ያበጠውን የታችኛውን ካቢኔ አውጥተሽ ጣይው፣ አይጠገንም። በቦታው እኔ የቱቦላሬ እግር አቁሜ በላዩ ግራናይት አስቀመጥኩ። በር የለውም፣ መጋረጃ ነው ያለው፤ ሲቆሽሽ ይታጠባል። ከመጋረጃው ጀርባ ሁለት ጀሪካንና የሊጡ ባልዲ አሉ። ኢንተርኔት ላይ የምታዪአቸው ኪችኖች ጀሪካን የላቸውም፤ በእነሱ እንዳትታለዪ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር የብረቱ ከፍታ የሚወሰነው በጀሪካኑ ነው። መጀመሪያ ጀሪካንሽን ለኪ፣ ከዚያ ወደ ብየዳ ቤት ሂጂ።

ግራናይቱን ሙሉ ጠፍጣፋ አልገዛሁም። እብነ በረድ ቤቶች ከትልልቅ ሥራ የተረፈ ቁራጭ ያስቀምጣሉ፤ ለአንቺ ኪችን አንድ ቁራጭ ይበቃል። ልክሽን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ሁለት ሦስት ቤት ዙሪ። የቤኒሻንጉሉ ነጭ እብነ በረድ ያምራል፣ አልክድም። ግን ሎሚና አቼቶ ይበሉታል፣ እርድ ደግሞ ያቀልመዋል። ለደረጃ ይሁን። ብር ካጠረሽ ሲሚንቶ አስሞልተሽ ሴራሚክ ማስነጠፍም ይቻላል፤ በሴራሚኮቹ መሐል የሚሞላው ፉጋ ብቻ ጥቁር ግራጫ ይሁን። ከላቫንዲኖው ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ በሲሊኮን አሽጊው፣ ከስሩ ያለው የፍሳሽ ቧንቧ፣ ሲፎኑም፣ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ቀይሪው። ያንቺን ቺፕውድ ከስር የገደለው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

መብራት ብዙ ሰው ይረሳዋል። አምፖሉ መሐል ጣሪያ ላይ ስለሆነ ሽንኩርት ስትከትፊ ጀርባሽ ይጋርደዋል፣ በራስሽ ጥላ ላይ ነው የምትሠሪው። ከመደርደሪያው ስር አንድ ኤልኢዲ መብራት አስገቢ። ከወጪዬ ሁሉ ትንሹ እሱ ነው፤ ኪችኑን የለወጠው ግን ከቀለሙ እኩል ነው።

ከ40 ሺው ብር ለመስመሩ፣ ለፋኑና ለምጣዱ ማስቀመጫ 11 ሺህ፣ ለግራናይቱ፣ ለብረቱና ለላቫንዲኖው 16 ሺህ፣ ለቀለም ከነእጅ ዋጋው 8 ሺህ፣ ለመብራትና ለመደርደሪያ 3 ሺህ ወጣ። የቀረው ትራንስፖርትና ሻይ ነው። ዛሬ ዋጋው ሌላ ነው፤ አንቺ ድርሻውን ብቻ ተመልከቺ። ተክለሃይማኖት ሄደሽ ጠይቂ፣ መርካቶም ጠይቂ፣ የመጀመሪያው ሱቅ ላይ አትግዢ።

ከባለሙያ ጋር ስትነጋገሪ ዕቃውን ራስሽ ግዢ፣ የእጅ ዋጋ ብቻ ተስማሚ። ግማሹን ቀብድ የሚጠይቅሽን ተዪው። እኔ ለአንድ አናጺ ቀብድ ሰጥቼ ከዚያ በኋላ ስልኩ ተዘግቶ ቀረ። ደግሞም ማንም ግድግዳ ልብሳ ሲልሽ አትፍቀጂ፣ ከጀርባው የጋራ ቧንቧ ሊኖር ይችላል።

አሁን አንድ ነገር ንገሪኝ። የላክሽው ፎቶ ላይ መስኮቱ አይታይም። ወደ ውጭ የሚከፈት ከሆነ ከላይ ያልኩትን እንዳለ አድርጊው። ወደ ኮሪደር የሚከፈት ከሆነ ግን ፋኑ እንፋሎቱን ጎረቤት በር ላይ ነው የሚተፋው፤ እንዲያ ከሆነ ምጣዱን ወደ በረንዳ አውጪው፣ ዝናብ የማይደርስበት ጥግ ካለሽ። መስመሩም እስከዚያ ይዘርጋ። መስኮቱንና በረንዳውን ፎቶ አንሺና ላኪው።