ፌስታል፣ ነጠላ፣ ጅቡቲ፦ ስለ ውኃ ሥር ፎቶ የጠየቃችሁኝ

ይህን የምጽፈው ሱሉልታ ሆኜ ነው፤ ቧንቧችን ከደረቀ አራተኛ ቀኑን ይዟል። ጠረጴዛዬ ላይ ውኃ ውስጥ ፎቶ ስለማንሳት የሚጠይቁ ደብዳቤዎች ተቆልለዋል፤ ጓሮ ደግሞ ባዶ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። ባለፈው ጊዜ መዋኛ ገንዳ ውስጥ ስላነሳኋቸው ሦስት ፎቶዎች አውርቼ «ጥያቄ ያለው ይጻፍልኝ» ማለቴ ነው ጣጣውን ያመጣው። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ ሁለቱን ደግሞ ለጸሐፊዎቹ ክብር ስል አለዝቤያቸዋለሁ።

የቡራዩው ወጣት ስልኩን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ ገንዳ ውስጥ አስገባው። ፎቶው ደበዘዘ፣ ከዚያ ስልኩ ጠፋ። «በሦስት ፌስታል ብሞክረውስ?» ይላል።

ሦስት ፌስታል ማለት ሁለተኛ ስልክ ማለት ነው፣ ወንድሜ። አፉ በመቆለፊያ የሚጠብቅ፣ ለዚሁ ሥራ የተሠራ ከረጢት ፈልግ። ስትገዛው ስልክህን ሳይሆን የተጣጠፈ ሶፍት ክተትበትና ውኃ የሞላ ባልዲ ውስጥ ድንጋይ ጭነህበት ግማሽ ሰዓት አቆየው። ሶፍቱ ደርቆ ከወጣ የስልኩ ተራ ይሆናል። የስልክ ስክሪን ውኃ ውስጥ የጣትህን ንክኪ በደንብ አይለይም፤ ስለዚህ ከመግባትህ በፊት ካሜራውን ከፍተህ በድምፅ መጨመሪያው ቁልፍ ማንሳትን ተለማመድ።

ከለገጣፎ አንዲት እኅት ስልኳ «አይፒ68» ስለሆነ በጥምቀት ጠበል ሲረጭ ያለ ሥጋት ማንሳት እንደምትችል ነጋዴው ነግሯታል። እውነት ነው ወይ?

ግማሹ። አይፒ አቧራና ውኃ የመቋቋም ደረጃ ነው፤ 6 የአቧራ ነው። 8 ደግሞ አምራቹ በወሰነው ጥልቀትና ደቂቃ በረጋ ንጹሕ ውኃ ውስጥ መቆየት መቻሉን ይናገራል። በጎማ ቱቦ እየተገፋ ለሚመጣ ውኃ ሌላ ቁጥር አለው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስክሪኑ አንድ ጊዜ ተሰብሮ ከተቀየረ ያን ቁጥር እንደሌለ ቁጠሪው። ተቀይሯል አይደል?

«የትኛውን ካሜራ ልግዛ?» (ሰባት ሰዎች።)

መጀመሪያ ዋና ተማሩ።

የአቃቂው አንባቢ ወንድሙ ከውጭ የላከለትን ጎፕሮ የምትባል ትንሽ ካሜራ ይዞ ባቦጋያ ሐይቅ ወረደ። የወጣለት አረንጓዴ ሾርባ ነው፤ ያውም በረዶ የዘነበበት ሾርባ። ወሬ ትቼ ቁጥሩን ብቻ እንድነግረው አስጠንቅቆኛል።

ቁጥሩን ልስጥህና ከዚያ ልቆጣህ። ሁሉን ነገር በእጁ የሚያስተካክል ካሜራ ያለው ጀማሪ ከዚህ ይነሳ፦ የሸተር ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) 1/125 ሰከንድ፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) ከ200 እስከ 400። የሚያነሳው ዓሣ ወይም ልጅ ከሆነ ሸተሩን ወደ 1/250 ያፍጥነው። ካሜራው ሮ (RAW) በሚባለው ያልተነካካ ፋይል የሚያስቀምጥ ከሆነ በእሱ ያንሳ፤ ቀለም በኋላ የሚታረመው ከእሱ ነው። የአንተ ጎፕሮ አፐርቸሩ የማይቀየር ስለሆነ ለአይኤስኦው ጣሪያ አብጅለት፤ 400 ይበቃዋል።

አሁን ቁጣው። ውኃ ብርሃን ይበላል፤ ሲበላም ከቀይ ይጀምራል። አምስት ሜትር ላይ ቀዩ ከሞላ ጎደል አልቋል፣ ብርቱካናማውና ቢጫው ተራቸውን ይጠብቃሉ። ጠልቆ እጁን የተቆረጠ ሰው ደሙን አረንጓዴ ሆኖ ያየዋል። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። የሚረሳው ግን ብርሃኑ የሚጓዘው ወደ ታች ብቻ አለመሆኑን ነው። ከዓሣው እስከ ሌንስህ ያለውም መንገድ ይቆጠራል። ሁለት ሜትር ጠልቀህ አራት ሜትር የራቀህን ነገር ስታነሳ፣ ብርሃኑ የስድስት ሜትር ውኃ ቀረጥ ከፍሎ ነው አንተ ጋ የሚደርሰው። በዚያ ላይ ዓይንህም አያግዝህም። ውኃ ውስጥ በመነጽር ስታይ ነገር ሁሉ በሩብ ያህል ቀርቦ፣ በሲሶ ያህል ገዝፎ ይታያል። ቀረብኩ ያልከው ዓሣ ገና ሩቅ ነው።

ስለዚህ ዙሙን እርሳው። ካሜራህን በሰፊው አሳይ ብለኸው አንድ ክንድ ያህል እስክትደርስ ድረስ አታንሳ። ክንድ ስል አያቶቻችን ጨርቅ የለኩበትን ነው፤ ከክርን እስከ ጣት ጫፍ። ዓሣው ካልጠበቀህ ዓሣውን ተወውና ድንጋዩን፣ ሣሩን፣ የጓደኛህን እግር አንሳ። ፀሐይዋን ከኋላህ አድርግ፤ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ግባ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብርሃኗ በውኃው ገጽ ላይ ነጥሮ ይመለሳል እንጂ ወደ ውስጥ አይገባልህም።

በረዶው ምን መሰለህ? በሐምሌ ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታ በጭጋግ የወረደ ሾፌር ያውቀዋል። ረጅሙን መብራት ሲያበራ መንገዱ ይጠፋና ነጭ ግድግዳ ከፊቱ ይቆማል። አንተም መብራትህን ከካሜራው አናት ላይ አስረህ በአንተና በዓሣው መካከል የሚንሳፈፈውን አተላ ሁሉ አበራኸው። አጥፋው። የግድ ካስፈለገህ እጅህን ዘርግተህ ወደ ጎን አርቀውና በብርሃኑ ጠርዝ ብቻ ዓሣውን ንካው። መቅረብ እዚህም ይረዳል፤ በመካከላችሁ ያለው ውኃ ሲያንስ አተላውም ያንሳል።

አረንጓዴው ግን የአንተ ጥፋት አይደለም፤ ሐይቁ ራሱ በአልጌ አረንጓዴ ነው። ገበያ ላይ ያለው፣ ሌንስ ፊት የሚገጠም ቀይ ፊልተር የተሠራው ለሰማያዊ ባሕር ነው፤ ለእንዲህ ያለው ውኃ የሚስማማው ማጀንታ፣ ማለትም ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ሮዝ፣ ነው። ፊልተር ከሌለህ ነጭ የፕላስቲክ ሰሃን ይዘህ ግባና ዋይት ባላንሱን (ካሜራው ነጭን ነጭ አድርጎ እንዲያይ የሚያደርገውን ማስተካከያ) እዚያው ባለህበት ጥልቀት አስተካክል፤ ወረድ ባልክ ቁጥር ትደግመዋለህ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የቢሾፍቱ ሐይቆች የእሳተ ገሞራ ጉድጓዶች ናቸው። ባቦጋያ 65 ሜትር፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ይደርሳሉ፤ ዳሩም ቶሎ ይከዳል። ከወገብህ በላይ የምትገባ ከሆነ ብቻህን አትግባ።

ዋና የማይችል የሱሉልታ ጎረቤቴ (ማን እንደሆነ አውቄዋለሁ) ገንዳም ሐይቅም በሌለበት እንዴት እንደሚለማመድ ይጠይቃል።

አኳሪየም ያለው ምግብ ቤት ሂድ። ቡና እዘዝ፣ ባለቤቱን አስፈቅድ። መስታወቱን በጨርቅ ጥረግና ሌንሱን ፊት ለፊት አስጠጋው፤ ሰያፍ ከያዝከው ምስሉ ይንጋደዳል። ፍላሽ አጥፋ፤ ዓሣውም ይደነግጣል፣ መስታወቱም ብርሃኑን ይመልስብሃል። ከላይ ያለው የራሱ መብራት ይበቃል። እዚህ አይኤስኦውን እስከ 1600 ብትወስደው አልቆጣም። አንድ ወር ዓሣ ስትከተል ከቆየህ ከብዙ ባለ ውድ ካሜራ ትበልጣለህ፤ ውኃ ውስጥ ስትገባ የሚያስፈልግህ ትዕግሥት ይኸው ነው።

የሰበታው ፎቶ አንሺ ሙሽራዋ በሐበሻ ቀሚስ ቢሾፍቱ በአንድ ሆቴል ገንዳ ውስጥ ካልተነሳሁ ብላለች። ቀሚሱ እንዳይበላሽ ሠግቷል።

እኔን ያሠጋኝ በቀሚሱ ውስጥ ያለችው ናት። ጥጥ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ያ ሁሉ ጨርቅ እግር ላይ ሲጠመጠም የዋና ጎበዝንም ያስቸግራል። እግሯ መሬት በሚነካበት፣ ውኃው ከደረቷ በማያልፍበት ቦታ ሥራ። ከፎቶው ክልል ውጭ የሚቆም፣ ካሜራም ቬሎም የማይዝ፣ ሥራው እሷን መጠበቅ ብቻ የሆነ ዋናተኛ ቅጠር። ሙሽራዋ በአንድ ጊዜ ከአሥር ሰከንድ በላይ ውኃ ሥር አትቆይ። ሚዜዎቹ ይህን አይሠሩልህም፤ እነሱ ስልካቸውን ይዘው ዳር ላይ ናቸው።

ከሁሉ የሚሻለው ቀለል ያለ ቀሚስ አልብሰህ ውበቱን ለነጠላው መተው ነው። ነጠላ ውኃ ውስጥ እንደ እጣን ጭስ ቀስ እያለ ይዘረጋል፤ እኔ በዚህ ሥራ ከሱ የተሻለ ጨርቅ አላየሁም። አንገቷ ላይ አትጠምጥመው፤ በእጆቿ ትያዘው። የጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ በዋዜማው ጫፉን በነጭ እርጥብ ጨርቅ አሽተህ እይ። አንተ ከእሷ ዝቅ በልና ወደ ላይ አንሳ፤ የውኃው ገጽ ከበላይዋ እንደ መስታወት ጥላዋን ይመልስልሃል። ነጩ ጨርቅ ከመጠን በላይ እንዳይነጣ ብርሃኑን ትንሽ ቀንሰው፣ ሸተሩም 1/250 ይሁን። የፊት ፎቶዎችን አስቀድም፤ ክሎሪኑ ዓይን እስኪያቀላ ብዙ አይቆይም።

አንድ አዛውንት አባት ይህ ሁሉ የዘመኑ ልጆች ያመጡት ፋሽን መሆኑን ገልጸው ገሥጸውኛል።

አባቴ፣ ሉዊ ቡታን የተባለ ፈረንሳዊ ባሕር ሥር ገብቶ ፎቶ ሲያነሳ ዘመኑ በፈረንጆች 1893 ነበር፤ የአድዋ ድል ገና ሦስት ዓመት ይቀረዋል። በቀለም የተነሳው የመጀመሪያው ደግሞ በ1926 ፍሎሪዳ አጠገብ የታየ ዓሣ ነው፤ ያኔ ብርሃን ለማግኘት ውኃው ላይ በተንሳፈፈ መደብ ማግኒዚየም ያነድዱ ነበር። የዘመኑ ልጆች ቢያንስ አያቃጥሉም።

ስማቸውን ያልጻፉ ሦስት ልጆች ከሰፈራቸው በላይ ያለው የድንጋይ ካባ በክረምቱ ውኃ ሞልቶ «የግል ገንዳ» ሆኖላቸዋል። ቪዲዮ ለመሥራት ትንፋሽ የመያዝ ልምምድ ጀምረዋል፤ ከመስመጣቸው በፊት ሃያ ጊዜ በፍጥነት ይተነፍሳሉ። የሚጠይቁኝ ስለ መብራት ነው።

ስለ መብራት አልመልስም። ካባ ገንዳ አይደለም። ዳሩ የተቆረጠ ግድግዳ ነው፤ መውጫ የለውም። ሥሩ ጭቃና ስለታም ድንጋይ ነው፤ ከላይ ፀሐይ ያሞቀው ውኃ ከታች በረዶ ነው። ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች የካባ ውኃ ልጅ ወሰደ ሲባል ስንሰማ የኖርን ነን።

በፍጥነት መተንፈሱ ደግሞ ከካባው አያንስም። ሰው ውኃ ውስጥ «አሁን ልውጣ» የሚለው ኦክስጅን ስላለቀበት ሳይሆን የተቃጠለው አየር፣ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ፣ ስለተጠራቀመበት ነው። ሃያ ጊዜ ስትተነፍሱ ያን ማስጠንቀቂያ ትጠርጉታላችሁ እንጂ ኦክስጅን ይህን ያህል አትጨምሩም። ከዚያ ደወሉ ሳይደወል ራስን መሳት ይመጣል፤ ጎበዝ ዋናተኞች በዚሁ ሞተዋል። ይህን ዛሬውኑ አቁሙ። ትንፋሽ መያዝ የምትፈልጉ ከሆነ ጠባቂ ባለበት ገንዳ፣ አሠልጣኝ አጠገባችሁ ቆሞ ብቻ ነው። አሠልጣኝ ካጣችሁ እንደገና ጻፉልኝ፤ እኔ እፈልግላችኋለሁ። ስለ መብራት ግን አትጻፉልኝ።

ከለቡ አካባቢ ጥንዶች በታኅሣሥ በባቡር ጅቡቲ ወርደው ዌል ሻርክ የተባለውን ግዙፍ ዓሣ ሊያነሱ ነው። በመጨረሻው ቀን ጠዋት ከአስተማሪ ጋር በአየር ሲሊንደር ይጠልቃሉ። ከጠለቁ በኋላ አውሮፕላን መሳፈር እንደማይፈቀድ ስለሰሙ ግን ብልሃት አግኝተዋል፤ ወዲያው በመኪና ይመለሳሉ። ሚስትየው የምትጠይቀኝ ስለ ሌንስ ነው።

ስለ ሌንሱ ቶሎ ልጨርስ። ዌል ሻርኩ ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣው ለፕላንክተን ነው፤ ስለዚህ ውኃው የሚደፈርሰው እሱ ባለበት ነው። ሰፊ ሌንስ፣ 1/250፣ ፍላሽ ፈጽሞ አይበራም። አትንኩት፤ ከአካሉ ቢያንስ ሦስት፣ ከጅራቱ አራት ሜትር ራቁ። ከላይ «አንድ ክንድ ቅረቡ» ያልኩት ለእሱ አይሠራም፤ እሱ ግዙፍ ስለሆነ በሦስት ሜትርም ፎቶውን ይሞላዋል። እሱን ለማየት ሲሊንደር አያስፈልግም፤ መነጽርና የመተንፈሻ ቱቦ ይበቃል።

አሁን ወደ መኪናው። አምቦ ውኃ ጠርሙስ በድንገት ስትከፍቺ የሚሆነውን ታውቂያለሽ። ጠልቀሽ ከሲሊንደር ስትተነፍሺ ናይትሮጅን በግፊት ብዛት ደምሽና ሥጋሽ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለሽ ወጥተሽ ባሕር ዳር ስትቆዪ በትንፋሽ ቀስ እያለ ይወጣል። ሳይወጣ ከፍ ወዳለ ቦታ፣ ግፊቱ ወደቀነሰበት ከሄድሽ ግን ጠርሙሱን ከፈትሽው ማለት ነው። አረፋው መገጣጠሚያ ላይ ሕመም፣ አከርካሪ ላይ ሽባነት ያመጣል።

አውሮፕላን የሚከለከለው አውሮፕላን ስለሆነ አይደለም፤ ከፍታ ስለሆነ ነው። የመንገደኞች አውሮፕላን ውስጡ ያለው ግፊት ቢበዛ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ሰው ያደርግሻል። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ናት። የእኔ ሱሉልታ ከ2,500 በላይ ነው። እኅቴ፣ አንቺ በመኪና ወደ ቤትሽ ስትመለሺ ወደ አውሮፕላን እየገባሽ ነው፤ ያውም ምግብ በማይቀርብበት። አስተማሪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስተምሩት በባሕር ዳር ለሚያድር ሰው ነውና የት እንደምትኖሩ ሳትነግሯቸው አትጥለቁ።

የጠላቂዎች ደኅንነት ድርጅት የሆነው ዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ለዚህ ከፍታ የሚመክረው ዝቅተኛ ቆይታ አንድ ጊዜ ብቻ በተራ ሁኔታ ለጠለቀ 12 ሰዓት፣ በተከታታይ ለጠለቀ 18 ሰዓት ነው። በመውጫው ላይ እየቆሙ ማረፍን የሚጠይቅ መጥለቅ ከሆነ ደግሞ ከ18 በጣም ይረዝማል። ይህ ሁሉ እስከ 2,400 ሜትር ነው፤ ከዚያ በላይ ለምንኖር አይበቃም። እኔ ብሆን የመጨረሻውን ቀን ከነጭራሹ አልጠልቅም፤ ቱቦ ይዤ ከዓሣው ጋር እውላለሁ። መጥለቅ ካለባችሁ በመጀመሪያው ቀን አድርጉት፤ ከመሄዳችሁ በፊት የመጥለቅ ሕክምና የሚያውቅ ሐኪም ጠይቁ። ይህን «ሐኪም ያማክሩ» እንደ ልማድ አይደለም የምጽፈው። ከተመለሳችሁ በኋላ መገጣጠሚያ ቢያማችሁ፣ እጅ እግር ቢደነዝዝ፣ ሆስፒታል ገብታችሁ የመጀመሪያው ቃላችሁ «ጠልቀን ነበር» ይሁን። ካልነገራችኋቸው ደጋ ላይ ያለ ሐኪም ይህን ለምን ይጠርጥር?

ካሜራችሁን ከውኃ የሚከልለው ሳጥንም ይህንኑ ሕግ ያውቃል። የአዲስ አበባ አየር ግፊቱ ከባሕር ዳሩ በሩብ ያህል ያንሳል፤ እዚህ ዘግታችሁ የወሰዳችሁት ሳጥን እዚያ አልከፈትም ይላል። እዚያ የዘጋችሁት ደግሞ እዚህ ሲደርስ ከውስጥ ወደ ውጭ ይገፋል። በጉዞ ላይ ኦሪንጉን (ውኃ እንዳይገባ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን የጎማ ቀለበት) አውጥታችሁ ያዙ። ስትመልሱት ፀጉርና አሸዋ ፈልጉበት፤ ከሳጥኑ ጋር የመጣውን ቅባት ቀቡት እንጂ የጋራዥ ግራሶ አታስነኩት። ሳጥኑን ስትዘጉ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ሁኑ፤ የጅቡቲ እርጥብ አየር ውስጥ ከቀረ ውኃው ሲያበርደው ሌንሱ ፊት ጉም ይሠራል። ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትጥሏቸው እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች እዚህ ይጠቅማሉ።

የመጨረሻው፣ እንደገና ከቡራዩ። ገፈርሳ ግድብ ውስጥ ካሜራ ማስገባት ይቻላል ወይ?

አይቻልም። የመጠጥ ውኃ ነው፤ ኮልፌ ያለችው እኅቴ ትጠጣዋለች።